ደህና ነን ያልኩበት ቀን

ልጄ ክፍሏ ውስጥ የቀረችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሳሎን መቀመጥ ተወች። ቀጥሎ ከእኛ ጋር መብላት ተወች። ከዚያ ኮሌጁ ደውሎ «ልጅሽ ታማለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አያት ነበር። የት ትውል እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። በመጨረሻ ቦርሳውም ወለሉ ላይ ቀረ። በሩ ተዘጋ።

ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለንደን የተወለደች አንድ ልጄ ናት። ከእሷ በኋላ አላህ ሌላ አልሰጠኝም፤ ስለ እሷ ግን አመስግኜው አልጠገብኩም።

ምግቧን በሰሃን አድርጌ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ከሥራ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ፤ ሩዙ ደርቆ፣ ወጡ ላዩ ላይ ቆዳ አውጥቶ። አንዳንድ ቀን ከዳቦው ጫፍ ትንሽ ተቆርሶ አያለሁ። ያን ቀን ኮቴን ሳላወልቅ ሱጁድ እወርድ ነበር።

ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሥራ ከመግባቱ በፊት በሩ ፊት ይቆምና «የኔ እናት፣ አባትሽ ነኝ» ይላታል። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ይሄዳል። አንድ ቀን ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ኩሽና ገባሁ። እሱም እንዳላየሁት ሆኖ ወጣ።

መጀመሪያ የጠራነው ሸይኻችንን ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀልድ የሚወዱ። መጥተው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡና ረጅም ሰዓት ቁርኣን ቀሩላት። ድምፃቸው ሲደክም ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው እንደገና ቀጠሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣

«ልጄ፣ እኔ የማውቀውን አድርጌያለሁ፤ ዱዓውንም አላቆምም። አንቺ ደግሞ ሐኪም ፈልጊላት» አሉኝ።

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጊዜ ግን የለውም። ራሷ መምጣት አለባት አለኝ።

«መምጣት ብትችል እኔ ምን አመጣኝ?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ሆስፒታል ሪፈር እንደሚያደርጋት፣ ወረፋው ግን ረጅም እንደሆነ ነገረኝ። እስከዚያው ቤት ድረስ የምትመጣ፣ በአእምሮ ሕመም የሠለጠነች፣ ፈቃድ ያላት ሶሻል ወርከር ፈልጊ አለኝ። በአካባቢሽ አስተዳደር፣ በካውንስሉ በኩል ነው የምትገኘው ብሎ ስልክ ቁጥር ጻፈልኝ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ልብስ እናሽግ ነበር። የያዘችውን ካርቶን ለቀቀችው።

«ሶሻል ወርከር? አንቺ ሴት፣ ጅብ ወደ በረት ይጠራል?»

«ልጄ አትበላም።»

«የማን ልጅ ይበላል? የኔው ከቺፕስ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ሄጄ ልክሰሰው? ብሪክስተን የነበሩትን ሰዎች አልሰማሽም? ሶሻል ወርከሯ መጣች፣ ፍሪጅ ከፍታ አየች፣ ልጆቹን ይዛ ሄደች።»

«ፍሪጁ ውስጥ ምን አገኘች?»

«እኔ ምን አውቄ! ባዶ ይሆናላ። ብቻ አንቺ ፍሪጅሽን ሙዪ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ማታውኑ ገበያ ሄጄ ፍሪጁን ሞላሁት።

እንደዚያም ሆኖ ደወልኩ። በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ጓሮ፣ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ቆሜ እደውላለሁ። አንድ ተጫኚ፣ ሁለት ተጫኚ ይላል። ከዚያ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃው ሲቋረጥ ሰው ይመስለኝና «ሄሎ» እላለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ሙዚቃ ይመለሳል። ዕረፍቴ ሲያልቅ ዘግቼ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ሰው አነሳ። አድራሻዬን ጠየቀችኝ። የሐኪሜን አድራሻ ጠየቀችኝ። ከዚያ የምትፈልጊው የወዲያኛውን ካውንስል ነው አለችኝ። ለካ በእኛና በክሊኒኩ መሃል ያለው መንገድ ድንበር ነው። ቤታችን በአንዱ ካውንስል፣ ሐኪማችን በሌላው። ያን መንገድ ወተት ለመግዛት በየቀኑ እሻገረዋለሁ፤ አገር የሚለይ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወደ ወዲያኛው ደወልኩ። እነሱ ደግሞ ቤትሽ ያለው በወዲህኛው ነውና ወደዚያ ደውዪ አሉኝ።

«ታዲያ ልጄ የት ናት?» አልኳት የመጨረሻዋን።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ይቅርታ ጠየቀችኝ። በድምፅዋ ከልቧ መሆኑን አውቄአለሁ። ይቅርታዋን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

የዚያኑ ሳምንት፣ ሰሃኑን ሳስቀምጥ፣ ልጄ ከበሩ ጀርባ ተናገረች። ድምፅዋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

«እማ፣ አታምጪ በቃ። ደክሞኛል። መኖር ደክሞኛል።»

ልጄ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ሌላ የተናገረችው አለ፤ እሱን አልጽፈውም።

ባሌ የበሩን መቆለፊያ ነቀለው። እየገባሁ አያታለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትንፋሿን አዳምጬ እወጣለሁ። በጠዋት የራሳችን ካውንስል ቢሮ ድረስ በእግሬ ሄድኩና ሰው ካላናገረኝ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። በአማርኛ ነው የጮህኩት። የጥበቃው ሰውዬ ወንበር አመጣልኝ። ከቢሮ አንዲት ሴት ወጥታ ስሜን ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ሶሻል ወርከር እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ያን ሳምንት ያደረግኩትን ልናገር። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጠብኩ። መጋረጃ አውርጄ አጠብኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት ጥቁረት በብሩሽ ፈተግኩ። ሰሃኖቹን ከበሩ ሥር አነሳሁ። ሳምቡሳ ጠበስኩ። ቀኑ ሲደርስ ልጄ እግር ሥር ተንበረከክኩ።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ውጪልኝ። ተቀምጠሽ ብትታዪ ይበቃል። ከዚያ ተመለሺ።»

እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። ግን ተነሳች። ፀጉሯን አጠብኩላት፣ ጎነጎንኩላት፣ የዒድ ቀሚሷን አለበስኳት። ቀሚሱ ሰፍቷት ስለነበር ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ሳሎን ስትቀመጥ የማንም ቤት ጤነኛ ልጅ ትመስል ነበር። እንግዳ እየመጣ አይደል? የእኛ ሰው እንግዳን ቁስሉን ገልጦ አይቀበልም።

ሶሻል ወርከሯ ወጣት ናት፤ ትሁት፣ ጫማዋን በር ላይ ያወለቀች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አስተርጓሚ ደወለች። ከስልኩ የወጣው ድምፅ ያገሬ ሰው ድምፅ ነው። ትልቅ ሰው፣ ወንድ፣ አነጋገሩ ከደሴ ብዙ የማይርቅ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ነዎት፣ እናቴ?» አለኝ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።»

ምን ልበል? እናቴ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና እንዴት ነሽ ስትባል አልሐምዱሊላህ ነው ያለችው። በደስታም በመከራም እሱን እንድል ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ የሰውየውን ማንነት አላውቅም። ነገ መስጊድ ደጃፍ የማገኘው ሰው ሊሆን ይችላል። የልጄን ነገር ለእሱ ልናገር?

«ልጅዎ ትበላለች ወይ ትላለች።»

«አላህ ይመስገን፣ ያለውን ትቀምሳለች።»

«እንቅልፍ ትተኛለች ወይ?»

«ትተኛለች።»

«እርስዎና ባለቤትዎ ችግሩን ችላችሁታል ወይ?»

«አላህ ያስችላል።»

እሱም እያንዳንዷን ቃል በሥርዓት ይተረጉማል። አንዲትም አላዛባም። ሶሻል ወርከሯ ልጄን በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀቻት። ልጄ እኔን አየችኝ። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትዮዋ ሳምቡሳ በላች፤ ጣፋጭ ነው አለች። አንድ ቁጥር ትታልን ሄደች። ፍሪጁን አልከፈተችም። በሩን ዘግቼ ተንፍሼ «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወጣች» አልኩ።

እንዲህ የማደርገው ለምን እንደሆነ ቆይቼ ሳስብ ክሮይደን ትዝ ይለኛል። ወደዚህ አገር ስንገባ የጥገኝነት ጉዳያችን የታየው እዚያ ባለው የመንግሥት ቢሮ ነው። አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ እኔ የትናንቱንና የዛሬውን መልስ እንዳላምታታ እፈራለሁ። ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት ሰው አጭር መልስ መስጠት፣ ንጹሕ ሆኖ መቅረብ፣ አለመጨመር ለምጃለሁ። ልምዱ አገር አሰጥቶኛል። ልጄን ግን ሊያሳጣኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከቢሮው ተደወለልኝ። ቤተሰቡ እየተረዳዳ ስለሆነ፣ ልጅቷም ስለምትበላና ስለምትተኛ፣ ጉዳያችን እንደተዘጋ ነገሩኝ። የሆስፒታሉን ወረፋ ጠብቁ አሉኝ። ስልኩን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ዘጉት እኮ፣ አልረዱንም እያልኩ በስልክ ለባሌ ስነግረው ልጄ ትሰማ ኖሯል።

«እማ» አለች ከውስጥ።

«ወዬ!»

«ደህና ነን ብለሻት ነዋ። አይ ወዝ ዜር። ትበላለች አልሻት። ትተኛለች አልሻት። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ። ቀሚስ አልብሰሽ።»

ስልኩ ውስጥ ባሌ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የጨለሙ ናቸው። ሥራ መሄድ አቆምኩ። ኮሪደሩ ላይ መስገጃዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ሰላት ሲደርስ እሰግዳለሁ፤ ከሰላት በኋላ እዚያው እቀመጣለሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሕይወት አለ እላለሁ። ሳይንቋቋ ሲቆይ በሩን ገፋ አደርጋለሁ። ሰሃን አስቀምጣለሁ፤ ሰሃን አነሳለሁ። ያ አላህ፣ የሰጠኸኝን እኔው በእጄ ሸፍኜ አጠፋኋት ወይ እላለሁ። ለቅሶዬ እንኳን እንዳይሰማት በሻርፔ አፌን እይዛለሁ።

አንድ ዓርብ ባሌ «እኔ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ። መስጊድ ሄጄ ከሰላት በኋላ ሸይኻችንን ታችኛው ክፍል፣ የጫማ መደርደሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ የሚከብደኝን ጠየቅኳቸው።

«ሸይኻችን፣ ለባዕድ ሰው ቁጭ ብዬ መከራዬን ብዘረዝር፣ አላህን መክሰስ አይሆንብኝም?»

ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። ቀና አሉ።

«ጥርስሽን አሞሽ ያውቃል?»

«አዎ።»

«ሐኪሙ አፍሽን ክፈቺ ሲልሽ ‹አልሐምዱሊላህ› ብለሽ ከንፈርሽን ገጥመሽ ተመለስሽ?»

ሳልፈልግ ሳቅኩ።

«አየሽ! ለጥርስሽ የከፈትሽውን አፍ ለልጅሽ ዘጋሽው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልሐምዱሊላህ በይ። እሱን እንዳትተዪ። ግን ከእሱ በኋላ ‹ግን› ማለት ሐራም ነው ያለሽ ማነው? በይ አሁን ጫማዬን ፈልጊልኝ፤ አንዱ ብቻውን ቀርቷል።»

ሌላኛውን ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁላቸው።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። በእንግሊዝኛዬ፣ በተሰባበረው። ሰው እስኪያነሳ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ልጄ እንድትሰማ ፈልጌ ነው እዚያ የቆምኩት።

«እኔ ተሳስቼ ነበር» አልኩ። «ባለፈው ደህና ነን አልኩ። አልሐምዱሊላህ። ግን ልጄ አትበላም። ግን ሌሊቱን አትተኛም። ግን መኖር አልፈልግም ብላለች። ግን የመጣችው ሴት የሰማችው ይህን አይደለም።»

በወዲያ በኩል ያለችው ሴት ስልኩን እንዳልዘጋ ነገረችኝ። ሙዚቃ አልመጣም። እሷው ተመለሰች። ጉዳዩን እንደገና እንደከፈቱት፣ ነገ ሰው እንደሚመጣ፣ እስከዚያ የባሰ ነገር ከመጣ በቀጥታ ኢመርጀንሲ እንድደውል ነገረችኝ። አስተርጓሚ በስልክ ነው ወይስ በአካል አለችኝ።

«በአካል። ሴት» አልኩ። እንደዚያ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ምንም አላጠብኩም። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሰሃኖቹን ከበሩ ሥር አላነሳሁም። የትናንቱም፣ የጠዋቱም እዚያው ናቸው፤ ሽሮው ተሰነጣጥቋል። ደወሉ ሲጮህ እጄ በራሱ ወደ ሰሃኖቹ ሄደ። ባሌ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው። ይዩት» አለኝ።

ይህችኛዋ ትልቅ ሴት ናት። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃውን ስትወጣ የምታቃስት። ከአስተርጓሚዋ ጋር ስትገባ ሰሃኖቹን አየች፣ እኔንም አየችኝ። በጎን አልፋ ሳሎን ተቀመጠች። ብሪክስተን ነው ያደግኩት፣ ወደዚህኛው የለንደን ጫፍ ስመጣ ሁልጊዜ መንገድ ይጠፋኛል አለችን። ብሪክስተን ስትል ፍሪጁ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ባዶ ነበር።

እንዴት ናችሁ ብላ አልጠየቀችኝም። «ትናንትን ንገሪኝ» አለችኝ። «ከነቃሽበት ጀምረሽ። ምን አደረግሽ፣ እሷ ምን አደረገች?»

ትናንትን ነገርኳት። ሱብሒ እንደሰገድኩ፣ በሩን ገፋ እንዳደረግኩ፣ ትንፋሿን እንዳዳመጥኩ፣ ሰሃን እንዳስቀመጥኩ፣ ሰሃን እንዳነሳሁ ነገርኳት። አስተርጓሚዋ ልጅ እግር ናት። መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ይቅርታ ጠይቃ ቀጠለች። ስጨርስ ሴትዮዋ ልጅሽ ከእኔ ጋር ትነጋገር እንደሆነ ልጠይቃት አለችኝና ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ፣ ሰሃኖቹ አጠገብ፣ ጉልበቷን እያቃሰተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወንበር ላምጣ አልኩ፤ በእጇ ከለከለችኝ። ማን እንደሆነች ለበሩ ነገረችው። መልስ የለም። ትናንት ሌሊት እናትሽ ሳትሆን አንቺ ያየሽውን መስማት እፈልጋለሁ አለች። መልስ የለም። ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ በእንግሊዝኛ።

«የምርሽን ሶሻል ወርከር ነሽ? ፈቃድ አለሽ?»

እኔ አፈርኩ። እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል? ሴትዮዋ ግን ፊቷ በራ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። «ማንም ሰው ክፍልሽ ሲመጣ መጠየቅ ያለብሽ ነው።» አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ አውልቃ በበሩ ሥር አንሸራትታ አስገባችው። «ስሜ እሱ ላይ አለ። የተመዘገቡ ሶሻል ወርከሮች ስም ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ፈልጊኝ። ካጣሽኝ አስወጪኝ።»

አልጋው ተንቋቋ። ስልኳን ስትነካካ ሰማሁ። ባሌ ደረጃው ላይ፣ እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆመናል። በልቤ ያ አላህ፣ ስሟን አስገኝላት እላለሁ። የዚያች ሴት ስም መዝገብ ላይ መገኘት የልጄ ነፍስ የታሰረበት መሰለኝ።

ወለሉን አያለሁ። መታወቂያው እንደገባው በበሩ ሥር ተንሸራትቶ እንዲመለስ እጠብቃለሁ። በዚያ አልመጣም። በሩ ተከፈተ፤ እጅ የሚያስወጣ ያህል። የልጄ እጅ መታወቂያውን ይዞ ወጣ። አጥንት ብቻ የሆነ እጅ።

«አለሽ» አለቻት።

«እንኳን ኖርኩ» አለች ሴትዮዋ። «ልግባ?»

«ጀስት አንቺ።»

በሩ በኋላዋ ተዘጋ። እኔ ወለሉ ላይ፣ ሰሃኖቹ መሃል፣ በግንባሬ ተደፋሁ።

ውስጥ ብዙ ቆየች። የተባባሉትን አላውቅም፤ የልጄ ነው። ስትወጣ ሳሎን ወስዳ አስቀመጠችን። ልጃችሁ በጣም ታማለች አለችን። ቤት ውስጥ በእናንተ ጥበቃ ብቻ ልትድን አትችልም። ለጊዜው ሆስፒታል መተኛት አለባት። እሷም እሺ ብላለች።

ትወስዳለች፣ አልኩ በልቤ። ጓደኛዬ እንዳለችው ልትወስዳት ነው። ያን ቃል ለወራት ስፈራው ኖሬአለሁ።

«ውሰጂልኝ» አልኳት።

አስተርጓሚዋ ከመተርጎሟ በፊት ሴትዮዋ እጄን ያዘች።

ቦርሳ አዘጋጀሁ። የጥርስ ብሩሽ፣ የሌሊት ልብስ፣ የሰላት ቀሚሷ። የዒዱን ቀሚስ አልነካሁትም። ሴትዮዋ ሳሎናችን ተቀምጣ ስልክ ትደውላለች። በአካባቢያችን ባዶ አልጋ የለም። ድንበሩ ወዲህም ወዲያም የለም። የከሰዓቱን ሰላት፣ ዐስርን፣ ሰግጄ ስመለስ እየደወለች ነበር። በመጨረሻ ተገኘ፤ ከክሮይደን አልፎ፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ። ባሌ ሥራውን አስፈቅዶ ቀረ። ልጄ በሁለታችን መሃል ሆና ደረጃውን ወረደች። በር ላይ ስትደርስ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት፤ ሻርፔን አውልቄ አከናነብኳት፣ እኔ የኮቴን ኮፍያ አጠለቅኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ባቡርና ትራም እየቀያየርኩ ወደዚያ ሄድኩ። ክሮይደን ስደርስ ያ የድሮው ቢሮ ትዝ ይለኛል። እዚያ ስገባ ልጄ አልተወለደችም ነበር። አላህ ያኔ ያሳለፈኝ ለዚህ ነው እላለሁ፤ መንገዱን እንዳውቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን መግባት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ገና ከሩቅ ስታየኝ ቴፑን አስቀመጠች።

«ወሰዷት አሉ?»

«ወሰዱልኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አላልኩሽም ትለኝ ነበር። አላለችም። ሻርፔን አስተካከለችልኝ። ሸይኻችን ያሉኝን ቀደም ብዬ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ስትስቅ ስትስቅ ነው የዘጋችው።

«እንዴት ናት ታዲያ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ካርቶን ገጣጠመች። ሸሚዞቹን ደረደረችበት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ግንስ?»

«ግን ገና ናት። ብዙም አታወራኝም። ግድግዳውን ነው የምታየው።» ቴፑን ተቀበልኳት። «ትናንት ግን ለራሴ ምሳ የያዝኩትን ሳንድዊች ከእጄ ወስዳ ግማሹን በላችብኝ።»

ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ አዞረች። ትንሽ ቆይታ፣ ሳትዞር፣

«ነገ ሁለት ያዢ» አለችኝ።